የንጉሡ ድንጋይ

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አግብቼ፣ ፈትቼ፣ የሰርግ ቀሚሴን ለታናሽ እኅቴ ሰጥቼ፣ አባቴ ቤት ተመልሼ የተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ሰቆጣ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሴት ልጅ እንደ ዛሬው የጨዋታ ዕድሜ አልነበረም፤ ሁለተኛ ባል ካልመጣላት ጎረቤቱ ሁሉ የሚያዝንላት፣ እናቷም በሰው ፊት እያሞገሰች ለብቻዋ የምትቆጣት ዕድሜ ነበር። ሰሞኑን ያን ዘመን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ኮብልስቶን ሊያነጥፉት ወጣቶች ድንጋይ ይጠርባሉ። ቀኑን ሙሉ ኳ ኳ ኳ ነው። ጎረቤቶቼን አቧራው አስሏቸው፣ ጩኸቱ ራሳቸውን አዙሯቸው በራቸውን ይዘጋሉ፤ እኔ ግን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክብሪት ተጭሮ ሳይቀጣጠል ሲቀር ያለው ዓይነት፣ አፍንጫ ውስጥ የሚሰነብት ሽታ ነው። ለእኔ ያ ሽታ አያ ስዩም ነው።

አያ ስዩም የአክስቴ የአበራሽ ባል ነበር፤ አክስቴ የአባቴ ታናሽ እኅት ናት። ሥራው ወፍጮ መውቀር ነው፤ ሲለምኑት የመቃብር ድንጋይም ይጠርባል። ዛሬ ወፍጮ ሲባል የናፍጣው ወይም የመብራቱ ነው የሚታሰበው፤ ያኔ ግን የድንጋይ ወፍጮ የሌለበት ቤት አልነበረም። ሴቶቹ ሲፈጩበት ሲፈጩበት ድንጋዩ ይለሰልስና እህሉን አልይዝ ይላል፤ ያን ጊዜ አያ ስዩም ይጠራና በመሮ እየነቃቀሰ ያሻክረዋል። መሮና መዶሻውን በአሮጌ ከረጢት አንግቶ፣ ክርኑ የተጣፈ ካኪ ኮቱን ደርቦ፣ ከቤት ቤት ይዞራል። ዋጋው እንደ ቤቱ ነው፤ ያለው ሽልንግ ይሰጠዋል፣ የሌለው አንድ ጣሳ ገብስ። ወደ ወፍጮው አጎንብሶ ሲወቅር ቅንድቡ፣ ጢሙ፣ ሽፋሽፍቱ ሁሉ ነጭ ይሆናል። የሰፈር ሕፃናት «አያ ስዩም አረጀ! አያ ስዩም አረጀ!» እያሉ ሲስቁበት ፊቱን በመዳፉ ጠርጎ «ይኸው ደግሞ ወጣት ሆንኩ» ይላቸዋል። ያውም በዓመት ከሚናገራት ጥቂት ቃል አንዷ ናት፤ ሰውየው ዝምተኛ ነበር። የተቀረውን የምትናገርለት አክስቴ ነበረች፤ እሷ ለሁለት ትበቃለች።

ሰቆጣ ያኔ ትንሽ ናት። ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ጥግ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቱ በባትሪ የሚሠራ ቴፕ መስኮቱ ላይ ያስቀምጥና አንዱን ካሴት ጠዋት ማታ ያዘፍነዋል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፣ ድምፁ ወፍሮ እንደ በሬ ማጓራት ሲጀምር ውኃ ቀድተን የምንመለሰው ሴቶች እንስራችንን እንዳዘልን ቆመን እንስቃለን። ሻይ በስሙኒ ነበር። ፊት ለፊት የሐጂ ሱቅ አለ፤ ላምባ፣ ሳሙና፣ ጨው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ንባብ የለመድኩት በዚያ በስኳሩ ጋዜጣ ነው፤ ስኳሩ ሲያልቅ ወረቀቱን በእጄ እያስተካከልኩ ፊደል ከወንድሜ እየተበደርኩ። ብዙ ወሬ መካከሉ ተቀዶ ነው የደረሰኝ። ኮንጎ ጫማ በስድስት ብር ነበር፤ ፀሐይ ላይ እግር ይቀቅላል፣ ግን አይበጠስም። የቴትሮን ቀሚስ ለብሳ ገበያ የወጣች ሴት መንገዱ ሁሉ የሷ ነው። ከከተማው ራስጌ የድሮ ሹማምንት የኖሩባቸው ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤቶች ነበሩ፤ ጣሪያቸው ወድቆ ፍየል ይገባባቸዋል፣ በልጅነታችን ድብብቆሽ ተጫውተንባቸዋል። ቅርስ የሚባለውን ቃል ያኔ አልሰማንም። ፈራርሷል እንል ነበር እንጂ።

አክስቴና አያ ስዩም ኑሯቸው መጀመሪያ ሰቆጣ አልነበረም፤ ከደሃና ነው የመጡት፣ በክፉው ዘመን። ዓመቱን አልናገርም፤ በእኛ አገር ክፉው ዘመን ሲባል ሰው ሁሉ የየራሱን ያውቃል። እህሉም ከብቱም ሲያልቅ መንደሩ እንዳለ ተነቅሎ ወጣ፤ እነሱም ሙሉ የሚባለውን የአራት ዓመት ልጃቸውን አዝለው ወጡ። መንገድ ላይ ዋሻ ማርያም ገብተው አረፉ። ዋሻ ማርያም ከገደል ሥር፣ በሰፊ ዋሻ ውስጥ፣ ከአንድ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አንድ የጥንት ንጉሥ አስፈለፈላት ይላሉ እንጂ የሚያውቅ የለም። እዚያ የተቀበረ ኃጢአቱ ይሰረይለታል ስለሚባል ከጥንት ጀምሮ ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ እዚያ ያርፍ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ ያለው የዋሻው ጨለማ በአጽም የተሞላ ነው። በዚያ ዘመንም ተጠልሎ ሊያድር ከገባው ብዙው አልወጣም። ሙሉም አልወጣም። በቀኝ በኩል፣ ከጣሪያው ውኃ ከሚንጠባጠብበት ሥር ቀበሩት። አያ ስዩም ከአሮጌው ቅጥር ወድቆ ያገኘው ድንጋይ ላይ መስቀል ጠርቦ ከራስጌው አኖረለት። ሦስቱን ክንድ እንደ ወጉ ጨረሰ፤ አራተኛው ላይ እጁ ከዳው፣ እህል ከቀመሰ ሰንብቶ ነበር። አራተኛው ክንድ አጭር ሆኖ ቀረ። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ እሱ አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም። ሌላ ልጅም አልወለዱም።

እንግዲህ በዚያ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አክስቴ ታመመች። ሆዷ ውስጥ እብጠት ነበር። ጤና ጣቢያው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላካት፣ ሆስፒታሉ ወደ ቤቷ ላካት። «ምን አሉሽ?» ስንላት «ዕረፊ አሉኝ» አለች። ከዚያ በሳምንቱ እኔ ልብስ ሳጥብ መጥታ ከአጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ትርንጎ፣ አንች ሥራ ፈት ነሽ።»

«ይኼ ሁሉ ልብስ ታዲያ ራሱን ነው የሚያጥብ?»

«ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ የሚጠብቅሽ የለም ማለቴ ነው። ወደ ሙሉ ትወስጅኛለሽ። ቦታዬን አሳይሻለሁ፤ ካህናቱንም ቃል አስገባቸዋለሁ። ስሞት ‹ከልጄ አጠገብ አድርጉኝ ብላለች› የምትይ አንች ነሽ።»

«ኧረ እትዬ፣ እንዲህ አይባልም። አያ ስዩም አይወስድሽም?»

«የሱ እግር ወደዚያ አይሄድም» አለች።

እውነቷን ነበር። አያ ስዩም ከሐጂ አህያ ለምኖ አመጣ፣ ጭነቱን ራሱ ጠፈረ፣ ገመዱን ፈትቶ እንደገና ጠፈረ፤ እሷን አንሥቶ አስቀመጣት። ከኛ ጋር ግን አንድ እርምጃ አልሄደም። ለእኔ «ቁልቁለት ላይ ከአህያው አውርጃት» አለኝ፤ ያችው ናት።

ወሩ ጥር ነው። ገብሱ ገብቶ፣ አውድማው ላይ በሬ እየዞረ፣ ገለባው በንፋስ እየበነነ፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ መስሎ። ያን መንገድ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ፤ በእግሬማ ከእንግዲህ አልሄደውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ከአንድ ድንጋይ የተቀረጸ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በሩ ላይ ተሳልመን አለፍን። ከዚያ አቀበት ነው፤ አለቱ ላይ የተጠረበ ደረጃ፣ ከስንት ሰው እግር ብዛት እንደሆነ እንጃ መካከሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። ከላይ ሜዳው ላይ ክብ ሆነው የተተከሉ ድንጋዮች አሉ፤ የጥንት ሹም ችሎት የሚቀመጥበት ነው ይባላል፤ እረኞች ጥጃ ያስሩበታል። ከዚያ ቀጥሎ አለት ውስጥ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ፤ ክረምት የሞላው ውኃ እስከ ጥር ቆይቷል፤ አህያው ጠጣ፣ እኛም ጠጣን። ጭው ብሎ ከሚታየው ገደል ማዶ የአበርገሌ ቆላ በሙቀት ይጨሳል፤ ከሱ ወዲያ ተከዜ ነው ይላሉ፣ አልታየኝም። በሄድንበት ሁሉ የሰው እጅ የነካው ድንጋይ ነበር። አክስቴ አህያው ላይ ሆና ሁሉንም እንደ ጎረቤት ታማቸዋለች።

«እይ እስቲ ይኼን! ሰው ሥራ አልነበረውም እንዴ ያኔ? እኔ የአንድ ወፍጮ ወቃሪ አቧራ ሳራግፍ አረጀሁ፤ ተራራ ሲፈለፍል ውሎ የሚገባ ባል ያላትስ ሴት እንዴት ቻለችው? ስለ ንጉሡ ይናገራሉ፤ ስለዚያች ሴት ልብስ የሚናገር የለም።»

ለአዳር ደሃና ውስጥ አንዲት መንደር ደረስን። የቤቱ እመቤት በሶ በጠበጠችልን፤ እንግዳ ካየች ስለ ሰነበተች ደስ ብሏታል።

«ለስለት ነው የምትሄዱ?» አለች።

«አይ፣ ቤት ልከራይ ነው» አለች አክስቴ። «ዋሻ ማርያም ጥሩ ቤት አለ ብለውኛል። ዝናብ አያፈስ፣ ኪራይ አይጠይቅ፣ ጎረቤቱ አይጨቃጨቅ።»

ሴትዮዋ ሳቀች፣ ሳቀች፤ ከዚያ የአክስቴን ሆድ አየች፣ ከመደቡ ላይ አጎዛውን አንሥታ ከሥሯ አነጠፈችላት። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። ሁለቱ በኽምጣኛ፣ በአገሬው አገውኛ፣ ቀስ ብለው ሲጨዋወቱ እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ፤ አክስቴ የልቧን የምትናገረው በኽምጣኛ ነበር።

ዋሻ ማርያም የደረስነው በማግስቱ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ነው። አክስቴ ትታው የሄደችውን ነበር የጠበቀችው፤ አፉ የተከፈተ ዋሻ፣ ጭር ያለ። ያገኘነው ግን የእንጨት በር ነው። ከበሩ ውጭ የቆርቆሮ ዳስ ተሠርቷል። ከአዲስ አበባ የመጡ ጥቂት ሰዎችና ሁለት ነጮች በትር ይዘው ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ፤ የነጮቹ ፊት በፀሐይ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ያን ተራራ ሁሉ ለሽርሽር በእግር እንደ ወጡት ስነግራት አክስቴ አላመነችኝም። «ምን ቸግሯቸው?» አለች። «በልጆቻቸው አምላክ፣ ምን ቸግሯቸው?»

የቤተ ክርስቲያኑ ቄሰ ገበዝ ወጡልን፤ ሽበታቸው የረዘመ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ። መስቀል ተሳለምን።

«አባ፣ ልጄ እዚህ ነው ያለ» አለች አክስቴ። «በቀኝ በኩል፣ ውኃው ከሚንጠባጠብበት።»

«መቼ ነው ልጄ?»

«በክፉው ዘመን።»

ሽማግሌው መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «የዚያን ጊዜዎቹን ሰብስበን ከጥንቶቹ ጋር ወደ ኋላ አድርገናቸዋል። የሚመጣው ሰው በዛና አጽሙን እየረገጠ ተቸገርን። አጥር ይሁን ተባለ፤ አጠርነው።»

«ምልክት ነበረው እኮ፣ አባ።»

«ያልነበረው ማን አለ? እንጨት ያቆመ አለ፣ ጨርቅ ያሰረ አለ። ያንችው ምን ነበር?»

አፏን ስትከፍት ከውስጥ የአስጎብኚው ድምፅ ተሰማ፤ እንግዶቹ ገብተው ኖሯል። ከከተማ የመጣ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ቃሉ ጥርት ያለ ወጣት ነው። እኛም በነሱ ኋላ ገባን። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ምንም አላየሁም፤ ከዚያ መጀመሪያ ያየሁት ሻማ ነው፤ ከሻማው ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ መስቀል ያለበት ድንጋይ። አንዱ ክንዱ አጭር ነው።

«ይህ ድንጋይ» አለ አስጎብኚው «ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ነው። ንጉሡ በገዛ እጃቸው እንደ ጠረቡት ይነገራል። ልብ በሉ፤ አንዱ ክንድ አጭር ነው። ይህ የእጅ ስሕተት አይደለም። ንጉሡ ‹ፍጹም እግዚአብሔር ብቻ ነው፣ እኔ አይደለሁም› ለማለት አውቀው አሳጥረውታል።»

«እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» አለች ከአዲስ አበባዎቹ አንዷ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አስጎብኚው ለነጮቹ በቋንቋቸው ደገመላቸው። እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፎቶ አነሡ።

አክስቴ በመካከላቸው አልፋ ሄዳ እጇን አጭሩ ክንድ ላይ አኖረች።

«እናት፣ አይነካም» አለ አስጎብኚው፤ በክፋት አልነበረም።

«እሺ የኔ ልጅ» አለች። እጇን አንሥታ በነጠላዋ ጠቀለለችው። እኔ ልናገር ስል ክንዴን ጨብጣ ይዛ ወጣች።

ደጅ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥን። ቄሰ ገበዙ ተከትለውን መጡ፤ የደከመ ዓይናቸው ያየውን አይቷል።

«ምልክትሽ ያ ነው?»

«አዎ አባ።»

«ማን ጠረበው?»

«ባሌ።»

«ባልሽ ሥራው ምንድን ነው?»

«ወፍጮ ይወቅራል።»

ሽማግሌው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ይሳቁ ያልቅሱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ነጠላቸውን አውርደው «እኛ አልዋሸንም ልጄ» አሉ። «አጽሙ ሲሰበሰብ ድንጋዩ ለብቻው ቀረ። አጥኚዎች መጥተው አዩት፤ ‹ይኼማ ትልቅ ነገር ነው፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት› አሉን። አንዱ ‹የንጉሡ ሳይሆን አይቀርም› አለ፤ ከሱ በኋላ የመጣው ‹የንጉሡ ነው› አለ። እኛም ደስ አለን። አሁን ተነሥቼ አይደለም ብል ማን ይሰማኛል? ቢሰሙኝም አውጥተው ይጥሉታል። ዛሬ ሻማ ይበራለታል፣ ሰው ይሳለመዋል።»

«ድንጋዩን አልጠየቅሁም፣ አባ። ይኑር። ራስጌው የት እንደነበረ ብቻ ያሳዩኝ።»

ተነሥተው እንደገና ይዘዋት ገቡ። እንግዶቹ ወጥተው ነበር። የቀኙ ጥግ ተደልድሎ ሰሌን ተነጥፎበታል፤ ውኃው እንኳ ቦታ ቀይሮ ነው መሰል የሚንጠባጠበው ከወዲያ ነው። ሽማግሌው በመቋሚያቸው አንዱን ቦታ ጠቆሙ፣ ከዚያ ሌላውን ጠቆሙ፣ ከዚያ መቋሚያቸውን አወረዱ። «አላውቀውም ልጄ። አልዋሽሽም፣ አላውቀውም።»

«እንግዲያስ እኔንም ከኋላ፣ ከተሰበሰቡት ጋር አድርጉኝ። ከየትኛውም አጠገብ ይሁን። አንድ ላይ እንሁን እንጂ።»

«አይቻልም። ቅርስ ነው ተብሏል፤ ከእንግዲህ አዲስ ሬሳ አይገባበትም። እኔ ከልጅነቴ ያገለገልሁት፣ እዚህ ያረጀሁት፣ የምቀበረው ታች ከወንዙ ማዶ ነው።»

«እርስዎም?»

«እኔም።»

«ውይ፣ አባ!» አለች፤ ከልቧ አዘነችላቸው። መስቀላቸውን ሳመች፤ አጥሩ ጋ ሄዳ ወደ ጨለማው በኽምጣኛ ጥቂት ተናገረች። ወጣን።

ስንመለስ፣ ከአቀበቱ አናት፣ ክብ ከተተከሉት ድንጋዮች ስንደርስ፣ አህያውን አቁሚው አለችኝ።

«ያ ልጅ ስለ አጭሩ ክንድ ምን ነበር ያለ?»

«ንጉሡ አውቀው ነው ያሳጠሩት አለ።»

«አውቀው!» ብላ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። «አውቀው! ርቦት ነው እንጂ! ስዩሜ ርቦት ነው እኮ፣ ትርንጎ። ርቦት ነው።» ሳቁ መቼ ሌላ ነገር እንደሆነ አላየሁም። አህያው ላይ ያለች ሴት እንዴት እንደምትታቀፍ አላወቅሁም፤ እግሯን ይዤ ቆምኩ።

አሁን የኔ ዕድሜ አክስቴ ከደረሰችበት አልፎ ሄዷል። ወደ ዋሻ ማርያም የሚያደርስ መንገድ ተጠርጎ ነበር፤ መኪናም ሄዶበት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጦርነት ሁሉም ያውቀዋል። እንግዳ የሚባል አይመጣም። ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በላስቲክ ሥር ኖረ፤ ክፉው ዘመን ምን እንደሚመስል ያላየ ልጅም አየ። የዚያ ድንጋይ ሥዕል ግን አልጠፋም። የጎረቤቴ ልጅ በስልኳ አሳይታኛለች፤ ቀይ ጨርቁ ደብዝዟል፣ ከሥሩ ስለ ንጉሡ ትሕትና ተጽፏል፣ ብዙ ሰው የልብ ምልክት ሰጥቶታል። አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ለመጣ ለዘመዴ ልጅ እውነቱን ነገርኩት። በትሕትና ሰማኝ፤ ከዚያ «እማማ ትርንጎ፣ ታሪካችንን ባያበላሹት» አለኝ። «ስንት ነገር ወድሞብናል፤ ያለችንን እንኳ ይተዉልን።» ልጁ ክፉ አይደለም። የቀረችለት ነገር ያችው ናት። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው አሁን ጻፍኩት፤ የሚያነበኝም ያንኑ ይለኝ ይሆናል።

ያን ጊዜ ከአክስቴ ጋር ተመልሰን ሰቆጣ ስንገባ አያ ስዩም ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ከአህያው አወረዳት፣ አስቀመጣት፣ ውኃ ሰጣት።

«አገኛችሁት?»

«ድንጋይህን አገኘነው» አለች።

«ልጁንስ?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ አጥሩን፣ ሰሌኑን፣ ሻማውን፣ አስጎብኚው ያለውን፣ የአዲስ አበባዋ ሴት እንዳለቀሰች። እሱ እጁን እያየ ሰማ። ጨርሳ ስታበቃ፣

«ጥሩ ሥራ ነው አሉ?» አለ።

«የንጉሥ ነው አሉ» አለችው።

ተነሥቶ አህያውን ሊመልስ ወጣ።

አክስቴ ክረምቱን አልጨረሰችውም። ሰቆጣ፣ ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የቀበርናት። አያ ስዩም ለስንቱ ሰው መቃብር ድንጋይ ጠርቦ ያውቃል፤ ለሷማ ምን ያህል ያምር ይሆን ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ጠበቀ። አርባዋ ደረሰ፣ ተዝካሯ ተበላ፤ ምንም አላኖረም። አፈር ብቻ ነው። አባቴ ተቆጣው፤ «ለባዳው ስትጠርብ ኖረህ፣ ለእኅቴ አንድ ድንጋይ ታጣለህ?» አለው በሰው ፊት።

በማግስቱ አያ ስዩም መጥቶ ከቤት ጠራኝ። ግቢው ድረስ ወሰደኝ፤ ከራስጌዋ አቆመኝና የት እንደሆነች በየትኛው ዛፍ፣ በየትኛው ቅጥር ማዕዘን እንደምትለይ አሳየኝ። «ድንጋይ ያነሡታል» አለኝ። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲሸፍናት እንደገና ወሰደኝ፤ እሱ በሩ ጋ ቀርቶ ለብቻዬ ሄጄ እንዳገኛት አደረገ። አገኘኋት። ካለሁበት መጥቶ አየ፣ «እሷ ናት» አለ። ከዚያ ከረጢቱን አንግቶ የሰው ወፍጮ ሊወቅር ሄደ።